ሶላሩን ማን ይግጠመው?

ዛሬ በኛ ቤት ባልና ሚስትን ስላከራከረ ጉዳይ ላወጋችሁ ወደድሁ።

መብራት በጠፋ ቁጥር ልጆቻችን በሻማ ማጥናት ስለሰለቻቸው፣ ከቁጠባችን ሶላር ለመግዛት ተስማማን። ባለቤቴ «ለገጣሚ የምንከፍለውን ለልጆቹ ጫማና ደብተር እናውለው፤ እኔው እገጥመዋለሁ» አለ። እኔ ደግሞ መሰላሉንና የቆርቆሮ ጣሪያውን ሳስብ ሆዴ ባባ። «አትችልም!» አልሁት። ያን ቀን ተኮራርፈን ዋልን።

በማግስቱ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተን አማከርነው። ባለቤቴ የኢንቨርተሩን ገመድ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ሰክቶ ቤቱን በሙሉ ሊያበራ ማሰቡን ሲነግረው ሰውዬው ደነገጠ። «ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ መስመር የሚጠግን ሰው ምሰሶ ላይ ይወጣል። የእርስዎ ኃይል በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ከወጣ ትራንስፎርመሩ ወደ ሺዎች ቮልት ያሳድገዋል። ሰው ይገድላል» አለው።

ሁላችንም ዝም አልን። ጥቂት ብር ለማትረፍ ስንል የሌላዋን ሴት ባል ልናሳጣት ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ራሳችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ብዙ ነገር አለ። ከፓነል፣ ከአምፖልና ከስልክ ቻርጀር ጋር ተሟልቶ የሚሸጠውን ትንሽ ሶላር መመሪያውን አንብቦ መግጠም አያስቸግርም። ለትልቁም ቢሆን ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ። ባለ 5 ዋት አራት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 100 ዋት ሰዓት፣ ባለ 50 ዋት ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት ቢከፈት 150 ዋት ሰዓት፣ በድምሩ በቀን 250 ዋት ሰዓት ይሆናል። የእንጀራ ምጣድን ግን ከዚህ ውስጥ አታስገቡ፤ ከአቅሙ በላይ ነው። ጥላ የማያርፍበትን ቦታ መምረጥም የእናንተ ድርሻ ነው። በአገራችን ፓነሉ ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ቢል መልካም ነው፤ ዝናብም አቧራውን ያጥብለታል።

ጣሪያውን፣ ባትሪውንና ከቤቱ መስመር ጋር ማገናኘቱን ግን ለባለሙያ ተዉለት። ፓነል ፀሐይ እስካገኘ ድረስ ኃይል ያመነጫል፤ እንደ አምፖል አይጠፋም። በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ የወደቀ ካቻቪቴም በቅጽበት ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ባለሙያውንም ቢሆን ሳትጠይቁ አትመኑ። «ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ነው ወይ? ኢንቨርተሩ ሲሠራ የውጭውን መስመር የሚለየው ቼንጅ ኦቨር የት አለ? የዋስትና ወረቀቱስ?» በሉት። መልስ የሌለውን አሰናብቱት።

በእኛ ቤት ሒሳቡን የሠራው፣ ዕቃውን የገዛውና መሰላሉን የያዘው ባለቤቴ ነው። ጣሪያ ላይ የወጣው ባለሙያው ነው። ልጆቹ ግን ዛሬም «አባባ የገጠመው መብራት» ይሉታል፤ እኔም አላርማቸውም።

ወንድሜ ሆይ፣ ባለሙያ መጥራት ከወንድነትህ አይቀንስም። እህቴ ሆይ፣ «አትችልም» ከማለት ይልቅ «የቱን አንተ ትሠራለህ? የቱን ለባለሙያ እንተው?» ብለሽ ጠይቂው። እኔ ይህን የተማርሁት አንድ ቀን ሙሉ ከተኮራረፍን በኋላ ነው።