ቍልፉ በባለቤቱ እጅ ይሁን

ቤት ሠርቶ ቍልፉን በሌላ ሰው እጅ የሚተው ባለቤት በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ይኖራል። የመሥሪያ ቤትና የነጋዴ መዝገብ በኮምፒዩተር በሚጻፍበት በዚህ ዘመን፥ ቍልፉ ሶፍትዌር የተባለው፥ መሣሪያውን የሚያዝዘው ጽሑፍ ነው።

ሶፍትዌርም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አሠራሩ ተሰውሮ ለፈቃዱ ዋጋ የሚከፈልበት ነው፤ ሁለተኛው ክፍት ምንጭ የሚባለው፥ ማንም እንዲያነበው፥ እንዲገለብጠውና እንዲያርመው የተፈቀደ ነው። መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ ግድፈት ቢያገኝ ያቀናል፤ መጽሐፉ ቢታሸግበት ግን ግድፈቱ እንዳለ ይኖራል።

ጥቅሙም በሥራ ተፈትኗል። ዣንዳርም የተባለው የፈረንሳይ ጸጥታ አስከባሪ ጦር በ2005 እ.ኤ.አ. ኦፕን ኦፊስ በተባለው ክፍት ሶፍትዌር መጻፍ ጀመረ፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህም ኮምፒዩተሮቹን ኡቡንቱ ወደ ተባለው እያዛወረ የፈቃድ ወጪውን ቀነሰ። በአገራችንም ጤና ሚኒስቴር ከየጤና ጣቢያው ቍጥር የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ምንጩ ክፍት ነው፤ የሚያለማውም በኖርዌይ የሚገኘው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ነገር ግን የፈቃድ ዋጋ የለውም ማለት ድካም የለውም ማለት አይደለም፤ የሚጠብቀውና የሚያድሰው ባለሙያ ካልተዘጋጀለት ይበላሻል። ሆኖም ለፈቃድ የተከፈለው ገንዘብ ከአገር ወጥቶ ሲቀር፥ ለባለሙያ ትምህርት የወጣው ዕውቀት ሆኖ በአገር ይቀመጣል።

ስለዚህ የየመሥሪያ ቤቱ አለቆችና ነጋዴዎች ውል ከመፈረማቸው አስቀድሞ፥ ሻጩ ዋጋ ቢጨምር ወይም ሥራውን ቢተው መዝገባችንን ማን ይከፍትልናል ብለው ሊጠይቁ ይገባል። መልሱ «እኛው ራሳችን» የሚሆንበትን መንገድ መምረጥ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።