የእንጦጦ አገልግል

መስከረም 1 ቀን የዘመን መለወጫ ከመሆኑም በላይ የቅዱስ ራጉኤል በዓል ስለ ሆነ፥ በዚያ ቀን ከከተማው ብዙ ቤተ ሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ እንጦጦ ይወጣል። በ2013 ዓ.ም. በተራራው ላይ ሰፊ መናፈሻ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ለመሳለም ያልወጣው ለመናፈስ ይወጣል። መልካም ነው። እኛ በዛሬው ጽሑፋችን የምንነጋገረው ግን ስለ መንገዱ ሳይሆን በአገልግሉ ውስጥ ስለሚገባው ምግብ ነው።

በብዙ ቤት የአገልግሉ ነገር አስቀድሞ የተቈረጠ ነው፤ ዶሮ ወጥ፥ እንቍላል፥ ድፎ ዳቦ። እመቤቲቱ የወለጋ፥ ባለቤታቸው የጐንደር፥ አማቲቱ የጕራጌ ተወላጅ ቢሆኑም የሚጫነው አንድ ዓይነት ነው። ልጆቹም «ያገር ምግብ» ሲባል ይህንኑ ብቻ ያውቃሉ፤ ከየት እንደ መጣ ቢጠየቁ ግን መልስ የላቸውም።

እንግዲህ ከየአገሩ የመጣው ምግብ በአንድ አዳራሽ ከተገናኘባቸው ስፍራዎች ዋነኛው ራሱ እንጦጦ መሆኑን ለልጆቻችን ማስረዳት ይገባናል። ከሰሜንና ከየጁ መሳፍንት ወገን የተወለዱት ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል በ1875 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክን ባገቡ ጊዜ፥ የሰሜኑ አገር ባልትና አብሮአቸው ወደ ሸዋ መጣ። በ1880 ዓ.ም. መስከረም የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያሰናዱት ግብር ቀናት የፈጀ ነበር፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም በታሪካቸው ጽፈውታል። ስለ ኢትዮጵያ እርሻና ምግብ የመረመሩት አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ጄምስ ማካን በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፋቸው፥ ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ የምንለው ሥርዓት መልክ የያዘው በእንዲህ ያለው የእቴጌይቱ ግብር ነው ይላሉ። ይህን አሳብ እኛም እንቀበለዋለን፤ ነገር ግን እቴጌይቱ ብቻቸውን አልሠሩትም። የእንጀራ ቤቱ፥ የወጥ ቤቱና የጠጅ ቤቱ ሴቶች እያንዳንዳቸው የእናታቸውን እጅ ይዘው መጥተው ነበር። የመኳንንቱ ስም ሲነሣ የእነዚህ ሴቶች ስም አይነሣም።

የዚያ ግብር ጠረን ሳይጠፋ ክፉው ቀን መጣ። የከብት እልቂት ገብቶ በሬው አለቀ፤ የሚያርስ ጠፋ፤ ሕዝቡም በረኃብ ረገፈ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለሕዝቡ አርአያ እንደ ሆኑ ይነገራል። በሬ ለሌለው ገበሬ ጤፍ ሩቅ ነው፤ እንሰት ግን በእጅ ይተከላል፥ ድርቅንም ከእህል ይልቅ ይችላል። ስለዚህ የየአውራጃውን ምግብ ማወቅ ለአንደበት ጣዕም ብቻ የሚፈለግ ነገር አይደለም። አንዱ እህል በከሸፈ ጊዜ ሌላውን አብስሎ መብላት የሚያውቅ ቤት ያስፈልጋል፤ ይህም ዕውቀት የሚገኘው ከአያቶች ዘንድ ነው፥ አያቶችም ዘወትር አይኖሩም።

ይህ ነገር በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። በሰሜን አሜሪካ አካዲያ በሚባል አገር የሰፈሩ ፈረንሳዮች ከ1755 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዞች ተነቅለው ከፊላቸው ወደ ሉዊዚያና ደረሱ፤ ካጁን የሚባሉት የእነርሱ ልጆች ናቸው። በዚያው በቅኝ አገሩ የተወለዱት ደግሞ ክሪዮል ተባሉ። ጋምቦ በሚሉት ወጣቸው ውስጥ የፈረንሳዩ በስብ የተቈላ ዱቄት፥ የቾክቶ ሕንዶች የቅጠል ዱቄት፥ በባርነት የተወሰዱት አፍሪካውያን ባምያ ይገኛሉ፤ ስሙም የመጣው ከአፍሪካ የባምያ ስም ነው። በአገራችንም በቤኒሻንጕል በርታዎች ይህንኑ ባምያ ቀንቀሴ ብለው ወጥ ይሠሩበታል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ግን አያውቀውም። ያገሩን ሳያውቅ የሩቁን ቢያደንቅ ምን ይረባዋል?

አሳባችን እንዲህ ነው። ለእንጦጦ ጕዞ ከአባት ወገን አንድ፥ ከእናት ወገን አንድ ምግብ ይሰናዳ፤ ባለሙያዋ አያት ካሉም ልጆቹ አጠገባቸው ተቀምጠው ይዩ። ባለፈው ዓመት ከእኛ ጋር የወጡ አንዲት የወለጋ እመት አንጮቴ ይዘው ነበር። ልጆቹ ድንች መስሎአቸው አፋቸውን አጣመሙ። እመት ግን ሳይቈጡ፥ ሥሩ ከነልጣጩ እንደሚቀቀል፥ ተልጦም በንጥር ቅቤ እንደሚታሽ፥ ለአራስና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው እንደሚሰጥ እየነገሩ ለራሳቸው ብቻ በሉ። ጥቂት ቈይቶ ትንሹ ልጅ «እማማ፥ ለእኔም ይቅመሱልኝ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ለትልልቆቹ የተረፈ አልነበረም። ምራታቸውም አሠራሩን በዚያው ቀን ጻፉ፤ እስከዚያ ድረስ በዐሥራ ሁለት ዓመት ትዳር ጠይቀዋቸው አያውቁም ነበር።

ለመንገድ ከሚመቹት ጭኮ አንደኛ ነው፤ ብዙ ቀን ይሰነብታል፥ አይፈስም። ቆጮ ከአይብና ከጎመን ጋራ ይስማማል። የትግራዩ ጥሕሎ የገብስ ዱቄቱ ከቤት ይዘጋጅና እዚያው ይድቦልቦል፤ ልጆች ማድቦልቦሉን ይወዱታል። ክትፎ በጥሬው ማውጣት ግን አንመክርም፤ ሙቀትና መንገድ ሥጋን ያበላሻሉና። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ የዋለ እንደ ሆነ ጾም ነው፤ ያን ጊዜ ስልጆና አዚፋ በቂ ናቸው፥ እንዲያውም ለብዙዎቻችን ከዶሮው ይበልጣሉ።

አንድ ነገር ለወጥ ሠሪዎች እናስታውስ። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፥ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በዚያ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። ባቄላውና ምስሩ በቤት በስሎ ይውጣ። በተራራው ላይ እሳት የሚያስፈልገው ለቡናው ብቻ ነው፤ ባሕር ዛፉም ቶሎ ስለሚቀጣጠል ከተፈቀደው ስፍራ ውጭ አይለኰስ።