የጣናን ዳርቻ ወሰን ማን ያስምር?

ክረምቱ አልፎ የጣና ሐይቅ ውኃ ወደ ውስጥ መሸሽ ሲጀምር፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ዳርቻ የሚኖሩ አርሶ አደሮች በሬዎቻቸውን ጠምደው ውኃውን ይከተሉታል። ጥቁሩ አፈር የቋጠረው እርጥበት ሳይነጥፍ ሽምብራና ጓያ ይዘሩበታል። መሬቱም በአካባቢው አጠራር ባሕር ሸሽ ይባላል። ለአርሶ አደሩ ባሕር ሸሽ ከመኸር ምርት በላይ የሚታፈስ ተጨማሪ እህል ነው። ለዓሣ መራቢያ፣ ለአዕዋፍ መዋያ፣ ለሐይቁ ደግሞ ከደጋ የሚወርደውን ደለል የሚያጣራ ወንፊት ነው። አንድ ቁራሽ መሬት ይህን ያህል ባለጉዳይ ካለው፣ "ከዚህ በኋላ አይታረስም፣ ከዚህ በኋላ አይገነባም" የሚለውን ወሰን የማስመር ሥልጣን የማን ነው የሚለው ጥያቄ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ የሚነጋገሩበት ጉዳይ አይሆንም። የብዙ ሺህ አባወራዎች የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ እንደ ሰሐን ነው፤ ውኃው በጥቂት ሲቀንስ ዳርቻው ብዙ ይራቆታል። የክርክሩ ሁሉ መነሻ ይኸው ተፈጥሮው ነው። የውኃው ከፍታ በአንድ ሜትር ዝቅ ሲል የሚጋለጠውን ሜዳ የሚያርሰው አርሶ አደር በዓይን የሚታይ ሲሆን፣ ከፍታውን ዝቅ ያደረገው ውሳኔ ግን የተሰጠው ከዳርቻው ርቆ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል።

በወረቀት ደረጃ ጣና ጥበቃ አጥቶ አያውቅም። በሰኔ 2007 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) ሐይቁንና አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መረብ ውስጥ መዝግቦታል። የተመዘገበው ጠቅላላ ስፋት 695,885 ሔክታር ነው። ከዚህ ውስጥ ዋና ጥብቅ ቀጠና የሚባለው፣ ማለትም ከሁሉም የላቀ ጥበቃ የሚገባው፣ 22,841 ሔክታር ብቻ ሲሆን፣ 187,567 ሔክታር መከለያ ቀጠና፣ 485,477 ሔክታር ደግሞ ሰው እየኖረና እያረሰ የሚጠቀምበት የመሸጋገሪያ ቀጠና ነው። የላቀው ጥበቃ የተሰጠው ከጠቅላላው ከመቶ ሦስት እጅ ትንሽ ለሚበልጥ ቦታ ነው ማለት ነው። መጠኑ አነሰ ወይስ በዛ የሚለው ለባለሙያ ይቆይ። አርሶ አደሩን የሚመለከተው፣ የእርሱ ማሳ በየትኛው ቀጠና እንደወደቀ ማን እንደነገረው ነው። ዩኔስኮ ደግሞ መዝጋቢ እንጂ አስተዳዳሪ አይደለም። ጥብቅ ሥፍራው የሚተዳደረው በሀገሪቱ ሕግ በመሆኑ ጥያቄው ተመልሶ ወደ እኛው ቤት ይመጣል።

የእኛው ሕግ ምን ይላል? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ወይም የሀገሪቱን ወሰን የሚሻገሩ ወንዞችና ሐይቆችን አጠቃቀም የመወሰንና የማስተዳደር ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። አንቀጽ 52 ደግሞ መሬትንና ሌላውን የተፈጥሮ ሀብት በፌዴራል ሕግ መሠረት የማስተዳደር ሥልጣንን ለክልሎች ያደርገዋል። ጣና ሙሉ በሙሉ በአማራ ክልል ውስጥ ነው፤ ከእርሱ የሚወጣው ዓባይ ግን ክልሎችን አልፎ ድንበር ይሻገራል። ስለዚህ ውኃው ወደ አንዱ፣ ዳርቻው ወደ ሌላው ያዘነብላል። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992፣ የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ቁጥር 534/1999፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እያንዳንዳቸው የጉዳዩን አንድ አንድ ጫፍ ይዘዋል። ሐይቁን አንድ አካል አድርጎ የያዘ እጅ ግን አይታይም። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ይባላል። የጣና ችግር ባለቤት ማጣት ሳይሆን የባለቤት መብዛት ነው፤ አጥሩ የሚነቀነቀውም በዚሁ መሐል ነው።

ዘወትር ከማይጠቀሰው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ አንዱ 92 ነው። ሰዎችን በቀጥታ የሚነካ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍም ሆነ ሲፈጸም ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲገልጽ መደረግ እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ በዳርቻው ቀበሌዎች ምን ያህል ሥጋ ለብሷል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እምቦጭ አረም በጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ አርሶ አደሩ በየዓመቱ ለዘመቻ ተጠርቷል። ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ነቅሏል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ሰፊ ዘመቻም ዋና ጉልበቱ እርሱ ነበር። እምቦጭ ከማሳ የሚታጠበውን ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርደውን ቆሻሻ ተመግቦ የሚፋፋ አረም ነው። ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ነቀላው አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ምንጩን የሚቆርጥ ውሳኔ ይፈልጋል። ለነቀላ የሚጠራ ሰው ለውሳኔ አለመጠራቱ ከፍትሕ አንጻር ቅር ያሰኛል፤ ከሥራው አንጻርም ቢታይ ያከስራል።

የውኃውን ከፍታ ጉዳይ እንመልከት። በዓባይ መውጫ ላይ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች የሚለቀቀውን ውኃ ይቆጣጠራል። በ1995 ዓ.ም. የዝናቡ ማነስና የሚለቀቀው ውኃ ተደማምረው የሐይቁ ከፍታ እጅግ አሽቆለቆለ። ጀልባዎች መንቀሳቀስ ተቸገሩ፣ ደንገሉ ደረቀ፣ የተጋለጠው ሜዳም ታረሰ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ ውኃውንም ከሐይቁ በዋሻ እየወሰደ ወደ በለስ ወንዝ ይጨምራል። መብራት ለማንም የሚጠላ ነገር አይደለም፤ የዳርቻው ገበሬ ራሱ ይፈልገዋል። ነገር ግን "ዳርቻውን አትረሱ" የሚለው ትእዛዝ ክብደት የሚኖረው፣ "ሐይቁን ከዚህ ከፍታ በታች አታውርዱ" የሚል እኩል አስገዳጅ ትእዛዝ በኃይል ማመንጫውም ላይ ሲኖር ነው። የላቀ ጥበቃ በድሃው በኩል ብቻ የሚጸና ከሆነ ጥበቃ መባሉ ይቀርና ቅጣት ይሆናል።

በሌላ በኩል አርሶ አደሩም ቢሆን ከተጠያቂነት ነጻ አይደለም፤ ይህን መሸፈን ለአንባቢ አይበጅም። በፎገራ ሜዳ የሚገኙት የሸሸርና የወላላ ረግረጎች ከሩቅ ሀገር ለሚመጡ ስደተኛ አዕዋፍ ማረፊያ በመሆናቸው የታወቁ ነበሩ። ሩዝ በደርግ ዘመን ወደ ፎገራ ገብቶ ውኃ የሚተኛበትን ሜዳ ወደ ገንዘብ ከቀየረው ወዲህ፣ ረግረጎቹ በቦይ እየተንጠፈጠፉና በፓምፕ እየተቀዱ ማሳ ሆነዋል። ወረታን የሩዝ ከተማ ያደረገውን ይህን ለውጥ ማንም በቀላሉ ሊያወግዘው አይችልም። ቀድሞ በጎርፍ ይቸገር የነበረ ቤተሰብ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶበታል፣ ልጅ አስተምሮበታል። ሆኖም ረግረጉ ሲጠፋ ደለሉን የሚያስቀረው ወንፊትም አብሮ ጠፍቷል። በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ሽቅብ የሚወጣው፣ ከጣና ሌላ በየትም የማይገኙ ዝርያዎች ያሉት ነጭ ዓሣም በወንዞቹ አፍ ላይ በተዘረጋ መረብ ይጠበቃል። እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ሲወስን የሁሉም ሀብት እንዴት እንደሚያልቅ ለማየት ከዚህ የራቀ ምሳሌ መፈለግ አያሻም። ስለዚህ "ለገበሬው ተዉለት" የሚለው መልስ ብቻውን አያዋጣም።

ሆኖም ሕዝብ ወስኖ የጠበቀው ነገር የለም ማለት አይደለም። ከባሕር ዳር በጀልባ ጥቂት ሲጓዙ የሚደረስበት የዘጌ ልሳነ ምድር በበሬ አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም። ክልከላው ከገዳማቱ ጋር የቆየ ትውፊት ነው። ነዋሪው በደን ጥላ ሥር በሚያበቅለው ቡናና ጌሾ ይተዳደራል፤ ደኑም በዙሪያው ያለው ኮረብታ ሲራቆት እስከ ዘመናችን ዘልቋል። በሰከላ የግዮን ምንጭም እንዲሁ በጠበልነቱ ተከብሮ ኖሯል። የእነዚህ ክልከላዎች ጉልበት ሃይማኖታዊ ብቻ አይመስለኝም። ደንቡን የሚያስከብረው ሰው በደንቡ ሥር የሚኖር ነበር፤ ለክልከላው ምትክ የሚሆን መተዳደሪያም ነበረ። በዘጌ ቡና ባይኖር ኖሮ ትውፊቱ ብቻውን በሬውን ያስቆመው ነበር ብሎ ለመናገር ይከብዳል። ዛሬም የቡናው ገቢ ኑሮን መሸከም ሲያቅተው ዛፉ ለማገዶ እንደሚቆረጥ መዘንጋት አይገባም።

በውሳኔው ገበታ ላይ ከገበሬውም ይልቅ ድምፁ የማይሰማ ማኅበረሰብ አለ። የነገደ ወይጦ ወገኖች ኑሮ ከደንገል ጋር የተሳሰረ ነው። ታንኳ ይሠሩበታል፣ ሰሌንና ዕቃ ይጎነጉኑበታል። ደንገሉን ገበሬው ሲያርሰው፣ ከተማው ሲገነባበትና እምቦጭ ሲወርሰው በመጀመሪያ የሚጎዱት እነርሱ ናቸው። የእርሻ መሬት ይዞታ ስለሌላቸው በ"አርሶ አደሮች ውይይት" ላይ ስማቸው አይነሳም። ዳርቻው በጥብቅነት ሲከለል ደግሞ ደንገል ማጨድም አብሮ ሊከለከልባቸው ይችላል። በልኩ የሚታጨድ ደንገል ተመልሶ እንደሚያቆጠቁጥ ለሚያውቅ ሰው፣ እነርሱን ከአጥፊ ጋር መቁጠር ስሕተት ነው።

የባሕር ዳር ነዋሪም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም። የጎርፍ መውረጃ ቦዮች የሚሸከሙት ቆሻሻ መድረሻው ሐይቁ ነው። ሻይ እየጠጣን ውኃውን የምንመለከትባቸው ብዙ መዝናኛዎች የቆሙት ዳርቻው ላይ ነው። ወሰን ሲሰመር በገጠሩ በሜትር ተለክቶ በከተማው በዝምድና የሚታለፍ ከሆነ፣ ገበሬው ችካሉን በማግሥቱ ቢነቅለው የሚፈርድበት ዳኛ አፍ ያጥረዋል።

የሌላውን ሀገር ልምድ ስናይ፣ በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ግዛት አንድ ወንዝ ወይም ሐይቅ ከፍተኛው የጥበቃ ደረጃ እንዲሰጠው ማንኛውም ሰው ለግዛቲቱ የውኃ ጥራት ቁጥጥር ኮሚሽን ማመልከት ይችላል። አመልካቹ ውኃው ለምን እንደሚገባው በማስረጃ ያቀርባል፣ ሕዝብ አስተያየት ይሰጣል፣ ኮሚሽኑ ይወስናል። ደረጃውን ያገኘ ውኃ ጥራቱ እንዲያሽቆለቁል አይፈቀድም። በዚያ ደረቅ ምድር ከጥንት የወረሱትን የጋራ የመስኖ ቦይ በማኅበር የሚጠግኑ ገበሬዎች አሉ፤ ደንቡም የቦዮቹን ጥገና ከአዲሱ ክልከላ ውጭ አድርጎታል። የእነርሱን ሥርዓት ቀድቶ መለጠፍ አይቻልም። ሁለት ነገር ግን ለእኛም ይሠራል፤ ጥያቄው ከታች መነሳት መቻሉና ነባሩ ተጠቃሚ ከመጀመሪያው በጽሑፍ መታወቁ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በግብርና ኮሌጅ ሳለ የተማረው አንድ መርሕ፣ የተፋሰስ ሥራ ከላይ ከተራራው ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል የሚል ነበር። ለእርከን ሥራ ትክክል ነው፤ ለውሳኔ ግን አቅጣጫው መገልበጥ ያለበት ይመስለኛል። የትኛው ረግረግ፣ የትኛው የወንዝ አፍ ለሐይቁ ሕይወት ወሳኝ እንደሆነ መለየት የተመራማሪ ሥራ ነው፤ ዓሣው የት እንደሚራባ በእጅ ብልጫ አይወሰንም። የተለየውን ቦታ በሕግ ማጽናት የክልሉ ምክር ቤት ድርሻ ቢሆን ይሻላል። የአንድ ቢሮ መመሪያ ኃላፊ ሲቀየር ይቀየራል፤ የምክር ቤት ሕግ ግን በቀላሉ አይነቃነቅም፣ ክርክሩም በአደባባይ ይደረጋል። ፌዴራል መንግሥት የማይታለፈውን የውኃ ከፍታ ወስኖ ራሱም ሊገዛበት ይገባል። ችካሉ መሬት ላይ የሚቆምበትን ትክክለኛ ቦታ፣ የሚፈቀደውን አጨዳና ግጦሽ፣ የጥበቃውን ተራ ደግሞ የቀበሌው ነዋሪ፣ ነገደ ወይጦውንና ዓሣ አስጋሪውን ጨምሮ፣ በስብሰባ ይወስን። ተመራማሪው ካመለከተው ቦታ እንዲጠብ ከጠየቀ ምክንያቱን በጽሑፍ ያቅርብ፤ ምክር ቤቱም በጽሑፍ ይመልስለት።

ከሁሉ የሚከብደው የካሳው ጉዳይ ነው። ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅ መሬት ካሳ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይመራል። ካሳ የሚታሰበው ግን ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ ያልሰፈረ ባሕር ሸሽ የሚያርስ አባወራ ለዓመታት ያረሰውን መሬት ሲለቅ ምን ይዞ ይሄዳል? አዲስ የመጣው ወራሪና አባቱ ያርሱት የነበረውን ያረሰው በአንድ ዓይን ይታያሉ? ይህ ሳይመለስ ችካል መትከል ክርክሩን ከምክር ቤት ወደ ማሳ ማውረድ ነው። ቀበሌዎች ባሕር ሸሹን ማን ከመቼ ጀምሮ እንደሚያርሰው በሽማግሌዎች ፊት መዝግበው መያዝ ቢጀምሩ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ወጪ መዝገብና እስክሪብቶ ነው። ውኃው በሚቀጥለው መኸር ከመሸሹ በፊትም ሊጠናቀቅ ይችላል።