ለለመደች እጅ

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ጋውን ለብሳችሁ ያረጃችሁ የላቦራቶሪ ሰዎች፤ ይህን የምጽፈው ለጀማሪዎቹ ልጆች አይደለም። ለእኛ ነው።

የዓመቱ የባዮሴፍቲ ሥልጠና ሲጠራ ማን እንደሚቀር አውቃለሁ። ጀማሪዎቹ ደብተር ይዘው ከፊት ይቀመጣሉ። እኛ በር ላይ ብቅ እንልና አቴንዳንሱ ላይ ፈርመን፣ «ይህን እኮ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው» እያልን ወደ ቡናችን እንመለሳለን። ሥልጠናው አበል ያለውና ሆቴል ውስጥ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ግን ከፊት የምንቀመጠው እኛ ነበርን። እውነቱን እንነጋገር።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ከዓመታት በፊት የአክታ ናሙና በሴንትሪፉጅ ሳዞር ከውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቱቦ መሰበሩ ገብቶኛል። ደንቡ፣ አጥፍተህ ክዳኑን ሳትከፍት ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይ ይላል፤ በአየር የተበተነው እስኪረግብ ድረስ። ስንቱን አስተምሬዋለሁ! እጄ ግን እኔን አልጠበቀችም፤ ማሽኑ እንደቆመ ክዳኑን ብድግ አደረገችው። ያደረግሁትን ያወቅሁት ከውስጥ የወጣው አየር ፊቴን ሲነካኝ ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት፣ ሌሊት ባሳለኝ ቁጥር ተነሥቼ አልጋዬ ላይ እቀመጥ ነበር። ፈጣሪ ይመስገን፣ አልታመምኩም። የዚያን ዓመት አቴንዳንስ ላይ ስሜ ከነፊርማው አለ።

አሜሪካዊው ሮበርት ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት ከላቦራቶሪ የመጡ 3,921 ሕመሞችን ሰብስቦ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ በታወቀ አደጋ የመጣው ከ5 አንዱን እንኳ አይሞላም። የቀረው ሰው የታወቀ አደጋ ሳይደርስበት ነው የተያዘው።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. የጊቤያችን ውኃ ኦሞ ተብሎ በሚወርድበት አገር፣ ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ ገባ ሲባል ሁላችንም ደነገጥን። ስሙ ከየት እንደመጣ ያሰበ ግን ስንቱ ነው? ማርበርግ የጀርመን ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1967 በዚያች ከተማ፣ በፍራንክፈርትና በቤልግሬድ፣ ከኡጋንዳ በመጡ ጦጣዎች ደምና አካል ላይ ይሠሩ የነበሩ የላቦራቶሪ ሠራተኞች ታመሙ። ያስታመሟቸው ተጨምረው 31 ሰዎች ተያዙ፤ 7ቱ ሞቱ። በሽታው ስሙን ያገኘው ከእኛ ቢጤዎች የሥራ ጠረጴዛ ነው።

እኛ ብንሞት «ሙያው ነው» ይባል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሳርስ ከቤጂንግ ላቦራቶሪ ሲያመልጥ የሞተችው ግን በዚያ ተይዛ የታመመች ልጇን ያስታመመች እናት ናት። ጅሬን ዳገት ላይ ካለው ቤቴ ስደርስ የልጅ ልጄ ሮጣ እግሬ ላይ ትጠመጠማለች። ጋውኔን በፌስታል ጠቅልዬ ለእጥበት ወደዚያ ቤት የወሰድኩባቸውን ዓመታት ሳስብ ያመኛል።

የበጠበጥነው በረኪና ሲያድር ኃይሉ ይደክማል፤ ስለዚህ በየቀኑ አዲስ እንበጠብጣለን፣ ጠርሙሱ ላይ ቀን እንጽፋለን። የትናንቱን የሚጠቀም ልጅ ብናይ እንቆጣለን። የእኛስ ቀን የተጻፈው መቼ ነው?

በቅርቡ አንድ ወጣት ጓንት እንዳደረገ የበሩን እጀታ ሲይዝ አየሁትና ገሠጽኩት። አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ እርስዎም እንዲሁ ሲያደርጉ አይቼ ነው» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ልጆቹ ስላይዱን ይረሱታል፤ እጃችንን ግን አይረሱም።

ስለዚህ አስጠነቅቃችኋለሁ፦ ያልተቀመጣችሁበትን ሥልጠና አትፈርሙ። ያቺ ፊርማ የሐሰት ምስክር ናት፤ አደጋ የደረሰ ዕለት «ሠልጥኗል» ብላ የምትመሰክረው በእናንተው ላይ ነው። ቱቦ ሲሰበር፣ መርፌ ሲወጋችሁ፣ አፍራችሁ አትደብቁ፤ አውሩት፣ አስመዝግቡት። እኔ የያኔውን ለማንም ሳልናገር ነው የኖርኩት፤ ዛሬ ነው የነገርኳችሁ።

የዘንድሮው ሥልጠና ሲጠራ ደብተር ይዤ ከፊት እቀመጣለሁ። አጠገቤ ያለውን ወንበር ለእናንተ ይዣለሁ።