የጦር ሜዳ አስጎብኚ ምን ይንገረን?

የጦር ሜዳ ተራኪ ካላገኘ ሜዳ ነው። ሣር ይበቅልበታል፤ ከብት ይሰማራበታል፤ ዘር ይዘራበታል። በዚያ ስፍራ ማን ከማን ጋር እንደ ተዋጋ፣ ስንቱ እንደ ወደቀና ለምን እንደ ወደቀ አፈሩ ራሱ አይናገርም። የሚናገረው ሰው ነው። ስለሆነም ስለ ጦር ሜዳ ጉብኝት ስናስብ ከሁሉ አስቀድመን መጠየቅ ያለብን፣ በቦታው ላይ ቆሞ የሚያስረዳው ሰው ምን ሊነግረን ይገባል? የሚለውን ነው። የዚህ ጽሑፍ አስተያየት በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ የጦር ሜዳ ጉብኝት ለትውልድ የሚጠቅመው አስጎብኚው የሚያኮራውንም የሚያሳፍረውንም አንድ ላይ ሲናገር ነው።

እስቲ በመጀመሪያ የአውሮፓን ልማድ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1815 ናፖሊዮን ድል የተመታበት የዋተርሉ ሜዳ ከብራስልስ ከተማ በስተደቡብ ይገኛል። ውጊያው ባበቃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልካቾች ወደ ስፍራው ይጎርፉ ጀመር። የአካባቢው ሰዎችም ከወደቁት ወታደሮች ልብስ ላይ የተቆረጠ ቁልፍና ከሜዳው የተለቀመ መሣሪያ ይሸጡላቸው ነበር። በውጊያው የተካፈለ ኤድዋርድ ኮተን የተባለ እንግሊዛዊ ወታደር ከጊዜ በኋላ በዚያው ኑሮውን መሥርቶ አስጎብኚ ሆነ፤ ያሰባሰባቸውንም ዕቃዎች በቤተ መዘክር አኖረ። በ1820ዎቹ ደግሞ የኔዘርላንድ ንጉሥ፣ ልጃቸው በቆሰለበት ቦታ ላይ 226 ደረጃዎች ያሉት ታላቅ ጉብታ አሠርተው በጫፉ ላይ የአንበሳ ሐውልት አቆሙ። ለጉብታው የሚሆነው አፈር የተዛቀው ከዚያው ከጦር ሜዳው ስለ ነበር የመሬቱ አቀማመጥ ተለወጠ። መታሰቢያውን ለመሥራት ሲባል የሚታሰበው ነገር ተቆፈረ ማለት ነው።

በፈረንሳይ አገር በቨርደን ግን ሌላ ዓይነት መታሰቢያ እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1916 ፈረንሳይና ጀርመን በዚህ ስፍራ ለአሥር ወራት ያህል ተዋግተዋል። በዱኦሞን በተሠራው የዐፅም ማረፊያ፣ ስማቸው ያልታወቀ የ130,000 ያህል ወታደሮች ዐፅም፣ የፈረንሳዩ ከጀርመኑ ሳይለይ በአንድነት ዐርፏል። በአቅራቢያው የነበረችው ፍለሪ የተባለች መንደር በመድፍ ፈጽማ ጠፍታ ዳግመኛ አልተሠራችም። ዛሬ ጎብኚው በዛፎቹ መካከል ሲያልፍ፣ ዳቦ ጋጋሪውና ሌሎቹ ነዋሪዎች የት የት ይኖሩ እንደ ነበር የሚያመለክቱ ምልክቶችን ያያል። በዋተርሉ ዓይኑን ወደ አንበሳው ያቀናው ሰው፣ በፍለሪ የጠፋውን ዳቦ ቤት ይፈልጋል። ሁለቱ ቦታዎች የሚያስተምሩት ትምህርት ምን ያህል የተለያየ እንደ ሆነ ልብ በሉ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በዋጃ የምትማሩ ተማሪዎች ናችሁ እንበል። በአውቶቡስ ተሳፍራችሁ፣ ማሽላ የሚበቅልበትን የራያን ቆላ ትታችሁ፣ በአላማጣ በኩል ጠመዝማዛውን ዳገት ስትወጡ ኮረም ትደርሳላችሁ። ከኮረም ወዲያ ሐሸንጌ ሐይቅ በተራሮች ተከብቦ ይታያችኋል። ከዚያም ማይጨው ትገባላችሁ። ከማይጨው በስተሰሜን ደግሞ አምባላጌ አለ፤ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር የሻለቃ ቶዜሊን ጦር ድል የመታበት፣ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የኢጣሊያው እንደራሴ ዱካ ዳኦስታ እጁን የሰጠበት ተራራ ነው። በአውሮፓ ሰዎች ባሕር ተሻግረውና ገንዘብ ከፍለው የሚጎበኙት ዓይነት ታሪክ ለእናንተ በጎረቤት አለ።

በማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎሕ ሳይቀድ ውጊያ ተጀመረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በተገኙበት በዚህ ውጊያ፣ የራስ ካሣ፣ የራስ ሥዩምና የራስ ጌታቸው ጦር ከክብር ዘበኛ ጋር ሆኖ፣ በምሽግ ውስጥ የነበረውን የማርሻል ባዶሊዮን ጦር አጠቃ። ጥቃቱ ለቀናት ዘግይቶ ስለ ነበር ጠላት ምሽጉን ለማጠናከር ጊዜ አግኝቷል። ወታደሮቻችን ቀኑን ሙሉ በታላቅ ጀግንነት ተዋጉ፤ ምሽጉ ግን አልተሰበረም። ወደ ኋላ ሲመለሱም በሐሸንጌ ዙሪያ አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዘነቡባቸው። ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቫ የተደረገውን፣ በጦርነት የመርዝ ጋዝ መጠቀምን የሚከለክለውን ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ነበረች።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንኛውም አስጎብኚ ሳይቸገር ይናገረዋል። የሚቸገረው ከዚህ በኋላ ነው። የሚያፈገፍገውን ሠራዊት ያጠቃው አውሮፕላን ብቻ አልነበረም። ኢጣሊያኖች መሣሪያና ገንዘብ የሰጧቸው፣ ከራያና ከአዘቦ የተነሡ ተዋጊዎችም በመንገድ ላይ አደጋ ጥለውበታል። ከኢጣሊያ ጎን ተሰልፈው ከተዋጉትም ብዙዎቹ ከኤርትራ የተመለመሉ ወታደሮች ነበሩ። ይህን ከዋጃ በመጡ ተማሪዎች ፊት መናገር ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ሳይነገር የሚቀር ከሆነ የማይጨው ታሪክ ግማሽ ይሆናል። ምክንያቱም አብሮ መነገር አለበት። ከወረራው በፊት በነበሩት ዓመታት በመንግሥትና በራያና አዘቦ ሕዝብ መካከል ግጭት ነበር፤ የቅጣት ዘመቻም ተደርጎ ነበር። ጠላት የገባው በዚያ ስንጥቅ ነው። ምክንያቱ ድርጊቱን ትክክል አያደርገውም። ነገር ግን ድርጊቱን ያለ ምክንያቱ የሚያወራ ሰው የአንድን አካባቢ ልጆች በሙሉ ያለ ፍርድ ይወቅሳል፤ ድርጊቱን የሚደብቅ ደግሞ የሞቱትን ሁለተኛ ይገድላል።

«የዳነ ቁስል ለምን ይነካካል?» የሚሉ ሰዎች አሉ። አሳባቸው ከቅንነት የመጣ ሊሆን ይችላል። ግን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንደሚባለው፣ ዝም ስለ ተባለ የሚጠፋ ነገር የለም። በየቤቱ በሹክሹክታ፣ እየተጋነነና እየተጣመመ ይኖራል። በአደባባይ ከነምክንያቱ ሲነገር ግን ሰው ሁሉ ሊመረምረው ይችላል።

ሌሎች ደግሞ የሞት ቦታ የገበያ ቦታ መሆን የለበትም ይላሉ። የዋተርሉን ቁልፍ ሻጮች ስናስታውስ ይህ ተቃውሞ እውነት እንዳለበት እንቀበላለን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት የራያንና የቆቦን ምድር አላለፈም። ልጁን የቀበረ ሰው ሐዘኑ ሳይወጣለት ጎብኚ በደጁ ሊሰለፍ አይገባም። ጉብኝት ጊዜ ይፈልጋል፤ የሐዘንተኛውንም ፈቃድ ይፈልጋል። ከዚህም በላይ አደጋ አለ። በቨርደን ምድር ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ይገኛል። እናንተም ጦርነት ባለፈበት መሬት ላይ የማታውቁትን ብረት ብታዩ አትንኩ፤ ለታላላቆቻችሁ አስታውቁ።

በ2006 ዓ.ም. ጥቂት ሰዎች ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ በእግራቸው በመጓዝ «ጉዞ ዓድዋ»ን ጀምረዋል። ይህ የሚመሰገን ተግባር ነው። ይሁንና ድል ወደ ተገኘበት ቦታ መጓዝ ለማንም ደስ ያሰኛል። ወደ ማይጨው የሚጓዝ ሰው ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ያን ያህል ጀግንነት እያለ ለምን ተሸነፍን? ብሎ ይጠይቃል። አገርን የሚያቆመው እንዲህ ያለው ጥያቄም ጭምር ነው።

ስለዚህ አስጎብኚ እስኪመጣላችሁ አትጠብቁ፤ ራሳችሁ አስጎብኚ ለመሆን ተዘጋጁ። በ1928 ዓ.ም. የተዋጉት አባቶች አልፈዋል፤ ከእነርሱ አፍ የሰሙ ልጆቻቸውም አርጅተዋል። ወደ እነዚህ አረጋውያን ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በትሕትና ጠይቁ፤ ሲናገሩም አታቋርጧቸው። የሰማችሁትን ስትጽፉ ቋንቋችሁ ይርዳችሁ። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን «አይቻለሁ» ብሎ፣ ከሌላ የሰማውን «አሉ» ብሎ፣ የገመተውን «ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ይለየዋል። እናንተም እነዚህን ሦስቱን ሳትቀላቅሉ መዝግቡ። ይህን የለመደ ተማሪ አንድ ቀን በሐሸንጌ ዳር ቆሞ እንግዳ ሲቀበል፣ ያልሆነውን አይጨምርም፤ የሆነውንም አይደብቅም። ሜዳውም በእርሱ አፍ እውነቱን ይናገራል።