ያሰረ ይክፈል፣ ያሰረ ይጠየቅ

አብዲ ረጋሳን ጨምሮ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር (ኦነግ) አመራሮች በ2012 ዓ.ም. ተይዘው የተፈቱት በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከእነዚህ ዓመታት ረጅሙን ጊዜ ያሳለፉት በቡራዩ ፖሊስ ጣቢያ ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) ያሉበት ድረስ ሄዶ አነጋግሯቸዋል፤ ያለ ክስ መያዛቸውንና ፍርድ ቤት ይፈቱ ብሎ ያዘዘላቸው ጭምር አለመለቀቃቸውንም ደጋግሞ ይፋ አድርጓል። ትዕዛዙን ያልፈጸመው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን በስም ሲጠራ አልሰማሁም።

ፖሊስ ጣቢያ የተሠራው ተጠርጣሪ ፍርድ ቤት እስኪቀርብ ድረስ እንዲቆይበት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ለዚህ የሰጠው ጊዜ 48 ሰዓት ነው። ለሁለት ቀን ማረፊያ የታሰበ ክፍል ለወራትና ለዓመታት ሰው ሲያዝበት ወጪው አይጠፋም፤ ወደ ቤተሰብ ይዞራል እንጂ። ምግቡን አብስሎ ስንቅ የሚያመላልሰው፣ ብርድ ልብስና መድኃኒት የሚገዛው ቤተሰብ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ዘመዱ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ከታሰረበት የታክሲው፣ ከሥራ የቀረበት ቀንና በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቅበት ሰዓት ሁሉ ከኪሱ ይወጣል። ጭራሽ የት እንደታሰረ ካልተነገረው ደግሞ ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ «እዚህ የለም» ሲባል ይውላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፦ አሳሪውን ምንም የማያስወጣው እስር እንዲያበቃ የሚገፋፋው ነገር የለም።

ችግሩ በፖለቲካ እስረኞች ብቻ አልቆመም። ኢሰመኮ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሲዳሞ አዋሽ በሚባለው አካባቢ ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተሰበሰቡ ሰዎች በአንድ ማቆያ ተጨናንቀው መያዛቸውን፣ በሽታ መዛመቱንና ሕይወት ማለፉን አስታውቋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያን ኢትዮጵያ ውስጥ ተይዘው ወደ ሸሹት አገር መባረራቸውን ኮንነዋል። የጎዳና ልጅ፣ ስደተኛ፣ የፓርቲ አመራር፤ ሦስቱም አንድ አካል ይዟቸው ሌላ አካል ባስቀመጣቸው ጊዜ የሚጠየቅላቸው ይጠፋል። ከአዲስ አበባ ተይዞ ከተማዋን ወደከበቡት ወደ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የተወሰደ ሰው ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ ያዡ «እኔ ጋ የለም» ይላል፣ ያስቀመጠው ደግሞ «እኔ አልያዝኩም» ይላል።

ያዡና አስቀማጩ የተለያዩ ሲሆኑም ወጪውን መጻፍ ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ እስረኞቹን በየካውንቲው እስር ቤት ሲያኖር በአንድ ሰው በቀን የሚከፍለው ገንዘብ በውል ይሰፍራል። ሥርዓቱን ለማሞገስ አይደለም፤ ከእስረኛ ገቢ ማግኘት የለመዱ ካውንቲዎችን ፈጥሯል። ሆኖም ውሉ የተጻፈ በመሆኑ ነዋሪዎች አይተውት ተቃውመውታል፤ ኢሊኖይና ኒው ጀርሲም እ.ኤ.አ. በ2021 እንዲህ ያለውን ውል የሚገድቡ ሕጎች አውጥተዋል። ያልተጻፈ ነገር ግን ለመቃወም እንኳ አይመችም።

እኛ የሚያስፈልገን እስረኛ የሚያስገኝ ገቢ አይደለም፤ ተጠያቂ ያለው መዝገብ ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጣቢያዎች ማን፣ መቼ፣ በማን ትዕዛዝ እንደገባ፣ የትኛው ፍርድ ቤት እንደቀረበ ይጻፍ፤ ቤተሰብና ጠበቃም ይዩት። የእስረኛው የምግብና የሕክምና ወጪ እንዲያዝ ካዘዘው መሥሪያ ቤት በጀት ይቆረጥ። ሕገወጥ እስራት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ወንጀል ስለሆነ የመፍቻ ትዕዛዝ ደርሶት እስረኛውን የሚያሳድር ኃላፊ በግሉ ይከሰስ። ኢሰመኮ በአዋጅ ቁጥር 1224/2012 መሠረት ሳያሳውቅ ማቆያዎችን መጎብኘት ይችላል፤ ሪፖርቱ ለምክር ቤቶች ሲቀርብ መልስ የመስጠት ግዴታ ይከተለው።

ሦስቱ ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። በየዓመቱ ከሐምሌ 1 በፊት በጀት ሲጸድቅ የከተማውና የክልሉ ምክር ቤት አባላት አንድ ጥያቄ እንዲያነሱ እጠይቃለሁ፦ በጣቢያዎቻችን ስንት ሰው ከ48 ሰዓት በላይ ቆየ፣ በማን ትዕዛዝ፣ በማንስ ወጪ? መልሱን በቁጥርና በስም ማቅረብ ያልቻለ ኃላፊ የጣቢያ ቁልፍ ሊይዝ አይገባውም።