ትንፍሽ የማይል ጎማ

በአማርኛችን ጎማ አየሩ ሲያልቅ «ተነፈሰ» ይባላል። ቃሉን ላስተዋለው ሰው የሚያስደንቅ ነው። ሰው እስከተነፈሰ ድረስ በሕይወት አለ፤ ጎማ ግን ከተነፈሰ አለቀለት። ከጭንቅ የወጣው «እፎይ ብሎ ተነፈሰ» ሲባል፣ ምስጢር የያዘው ደግሞ «ትንፍሽ አላለም» ይባላል። የግጥም ወዳጆች እዚህ ላይ ሰምና ወርቅ እንደሚሸታችሁ አውቃለሁ፤ የዛሬው ጉዳዬ ግን ቅኔ አይደለም። ስለ እውነተኛ ጎማ፣ ያውም ተበስቶ ትንፍሽ ስለማይል ጎማ ነው የምጽፈው።

ፈረንጆቹ «ራን ፍላት» ይሉታል። ተራ ጎማ መኪናውን የሚሸከመው በሆዱ በያዘው አየር ነው። አየሩ ሲወጣ ጎኑ ይታጠፋል፤ ቸርኬው ይረግጠዋል፤ መኪናው ያነክሳል፤ ሹፌሩም ወዲያው ያውቃል። ራን ፍላት ግን ጎኑ ሙቀት በሚችል ወፍራም ላስቲክ የተደገፈ በመሆኑ አየሩ አልቆም ቆሞ ይሄዳል። አምራቾቹ ብዙውን ጊዜ የሚፈቅዱት በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት 80 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ዓላማው ቅን ነው፤ ሰው በጨለማ፣ በማያውቀው ስፍራ፣ ክሪክ ይዞ አስፋልት ዳር እንዳይንበረከክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የአሜሪካው ኮርቬት ይህን ጎማ አጥልቆ ያለ ስኮርታ ለገበያ ቀረበ፤ ከ2000 ወዲህ ደግሞ ቢ.ኤም.ደብሊው በብዙ ሞዴሎቹ አዳረሰው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው መኪና የመጣው በአብዛኛው አገልግሎ ነው። ገዢው የኋላውን ክፍል ሲከፍት በስኮርታው ቦታ ባዶ ጉድጓድ ያገኛል። ሻጩ ስለ ቀለሙና ስለ ወንበሩ ቆዳ አንድ ሰዓት ሲያወራ ስለዚህ ባዶ ጉድጓድ አንድ ቃል አይተነፍስም።

እነሆ ጥያቄው። የተበሳ ራን ፍላት ይጠገናል ወይስ ይጣላል? «በፍጹም አይጠገንም» የሚሉ አሉ። ከእነርሱ መካከል አንዳንድ አምራቾች ይገኙበታል፤ አዲስ ጎማ የሚሸጥ ሰው እንዲህ ሲል ግን ጆሮዬን አቆማለሁ። የአንዱ ጎማ ዋጋ ከእኔ የወር ደመወዝ ይበልጣልና! በሌላው ወገን «ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፣ ድፈነው» የሚሉ አሉ። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም።

ከምሠራበት ቅርንጫፍ ማዶ አንድ ጎሚስታ አለ። በምሳ ሰዓት ከበሩ ላይ ቆሜ ሥራውን ማየት እወዳለሁ፤ ግማሹ ደስታዬ ከቃላቱ ነው። ጎማው፣ ጎሚስታው፣ ቸርኬው፣ ክሪኩ፣ ስኮርታው ሁሉ ከጣልያን አፍ የመጡ ናቸው። «ካሜራ ዳሪያ» ይሉት የነበረው፣ የአየር ክፍል ማለት ነው፣ በእኛ አፍ ተሟሽቶ «ከመነዳሪ» ሆነ። ጣልያን ከሄደ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቃሉ ግን ግሪስ እንደነካው እጅ አልለቀቀንም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለመኪናው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ሳትፈታው ድፈንልኝ፣ ቸኩያለሁ» ይላል። ወጣቱ ሚስማሩን በፒንሳ ይነቅላል፤ ቀዳዳውን ያሻክራል፤ ሙጫ የጠጣ ገመድ ከውጭ ይሰካል፤ ትርፉን ይቆርጣል፤ በመጨረሻም ምራቁን ቀብቶ አረፋ ይወጣ እንደሆነ ያያል። አምስት ደቂቃ! አየሩን ይይዛል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን የራን ፍላት ጥያቄ አየር ይይዛል ወይ የሚል አይደለም። ያለ አየር በሄደባቸው ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ጎኑ ምን ሆነ የሚል ነው።

ጎኑ ሲተጣጠፍ ይግላል፤ ሲግል ላስቲኩ ከውስጥ ይሸበሸባል፤ እየተፋቀ እንደ ጥላሸት ያለ ዱቄት ያራግፋል፤ ውስጡ ያለው ክር ይላላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከውጭ ሲታይ ያው ጥቁር፣ ያው ቀጥ ያለ ጎማ ነው።

እስትንፋሱ ወጥቶ፣ ሳይጎብጥ የቆመ፣
ማን አይቶ ያክመዋል፣ ውስጡን የታመመ?

(ለስንኙ ይቅርታ፤ ገንዘብ ስቆጥር ከአፌ ያመለጠ ነው።) እንዲህ ያለውን ነገር ከሙያዬ አውቀዋለሁ። ባንክ ቤት ብድሩን አጓጉሎ የሚከፍል ሰው አያሳስበንም፤ ስልክ ይደወልለታል፣ ይመጣል፣ ያስረዳል። የሚያስፈራው ከሌላ እየተበደረ በቀኑ የሚከፍለው ነው። እርሱ ሲወድቅ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወድቃል።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፤ ጎማው ከቸርኬው ሳይወጣና ውስጡ ሳይታይ «ይጠገናል» ወይም «ይጣላል» ብሎ የሚፈርድ ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ ይፈርዳል። ውስጡ ከተሸበሸበ ወይም ዱቄት ከተገኘበት ምንም ቢወደድ መጣል አለበት። ንጹሕ ከሆነ፣ አምራቹ ካልከለከለ፣ ቀዳዳው መሬት በሚረግጠው መካከለኛ ክፍል ላይ ከሆነና ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ፣ ከውስጥ እንደ እንጉዳይ ያለ መጠገኛ ይገባለታል። ግንዱ ቀዳዳውን ይሞላል፤ ጃንጥላው ከውስጥ ይለጠፋል። በትከሻው ወይም በጎኑ የተበሳ ከሆነ ግን ልመና አያድነውም።

እኛ ጠግኖ አዳሪ ሕዝብ ነን፤ ይህን እንደ ነውር አላየውም። አያቶቻችን ገንቦ ጠግነዋል፤ እናቶቻችን ድስት አስበይደዋል። ድስት ግን ቢያፈስ ወጡ ይፈስሳል እንጂ ሰው አይሞትም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። በዚያ ፍጥነት ላይ የላላ ጎን ቢፈነዳ፣ በአጠገቡ የሚያልፈው ሚኒባስ ውስጥ ያሉት ሰዎች ርካሽ ጥገና የመረጡ አይደሉም።

ማዶ ያለው ጎሚስታ ባለፈው ዓመት የጎማ መፍቻ ማሽን ገዛ። የራን ፍላት ጎን ደረቅ ነው፤ በእጅ ሲፈለቅቁት ከንፈሩ ይቀደዳል። አሁን ወጣቱ ሳይፈታ አይደፍንም፤ መጀመሪያም «ጋሼ፣ ከተነፈሰ በኋላ ምን ያህል ነዱት?» ብሎ ይጠይቃል። ዋጋውንም ከፍ አድርጓል። ከደንበኞቹ አንዳንዱ ወርዶ ቆሞ ያያል፤ አንዳንዱ ደግሞ መስኮቱን ዘግቶ ከታች ማዕዘኑ ላይ ወዳለው፣ ገመድ ወደሚሰካው ሌላ ጎሚስታ ይሄዳል።